የሱቅ ሁሙስና የእናቴ ሰላጣ



ስለ ሰላጣ ልጽፍላችሁ ነው ስል ፈገግ እንደምትሉ ይገባኛል። በተለይ እናንተ እህቶች፣ በረመዳን ከሥራ ወጥታችሁ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሰብስባችሁ፣ መግሪብ ሳይደርስ ሾርባውንም ሳምቡሳውንም ለማድረስ የምትሯሯጡት፣ «ሰላጣ ደግሞ ምን ያጽፋል?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያው እል ነበር።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. እናቴ ከደሴ መጥታ ረመዳንን ከእኛ ጋር ጾመች። ከመምጣቷ በፊት ሐኪም የደም ግፊቷን አይቶ ጨው ቀንሺ፣ አትክልት አብዢ ብሏት ነበር። ለእናቴ ግን አትክልት ማለት የተቀቀለ ጎመንና ድንች ነው። ጥሬ ሰላጣ ሳቀርብላት ሁለት ቅጠል አንስታ «ይህ ለፍየል ነው» ትልና ሳህኑን ወደ ልጆቹ ገፋ ታደርገዋለች። ልጆቹም ወደ እኔ ይገፉታል።

በጠርሙስ የሚሸጠውን የሰላጣ ማጣፈጫ ልገዛላት አሰብኩ። ጠርሙሱን አዙራችሁ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ የአሳማ ሥጋ ፍርፋሪ አለበት። ሌላው ጄላቲን ይልና ከምን እንስሳ እንደሆነ አይናገርም። ከዚህ ሁሉ የጸዳው ደግሞ ጨውና ስኳር የበዛበት ሆነና መልሼ አስቀመጥኩት።

አንድ ቀን ከሥራ ዘግይቼ ገባሁ። መግሪብ ሊደርስ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ፍሪጅ ስከፍት ለልጆቹ ምሳ የገዛሁት ሁሙስ ተርፏል። ሁሙስ በዐረብኛ ሽምብራ ማለት ነው፤ የተቀቀለ ሽምብራ ከጠሒና ማለትም ከተፈጨ ሰሊጥ፣ ከሎሚና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ልሞ የሚሠራ ነው። ማጣፈጫ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ በውስጡ አለ፤ የጎደለው ውኃ ብቻ ነው።

አራት የሾርባ ማንኪያ ሁሙስ በጎድጓዳ ሳህን አደረግኩ። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ ጨመርኩበትና በሹካ መታሁት። አንዳንዴ እዚህ ላይ ቀጠን ይላል ስትሉ ጭራሽ ይጠጥራል፤ የሰሊጡ ጠባይ ነውና አትደንግጡ። ውኃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን ማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ ምቱት። ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ ሲደርስ እንደ እርጎ ይለሰልሳል። አንድ ማንኪያ የወይራ ዘይት፣ ትንሽ ከሙን፣ ቁንዶ በርበሬ፣ አለቀ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሰላጣው ላይ የሚፈሰው ግን ሊበላ ሲል ነው፤ ቀድሞ ከፈሰሰ ጨውና ሎሚው ቅጠሉን ያጠወልገዋል።

ጨውስ? ለምግብ ሠሪ በምላስ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል የሚሉ ዑለማዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን በጾም አፌ አልደፍርም። ስለዚህ ሳልቀምስ፣ ምንም ጨው ሳልጨምር አቀረብኩት። ለካ ሁሙሱ ውስጥ ያለው ይበቃ ኖሯል።

አዛን ሲል በተምር አፈጠርን፤ መግሪብ ሰግደን ወደ ማዕዱ ተመለስን። እናቴ ከሰላጣው አንድ ጊዜ ጎረሰች፤ ዝም ብላ አላመጠች፤ ደገመች። «ቡቲቻ መቼ ሠራሽ?» አለችኝ።

እውነትም ዘመዱ ነው። የሽምብራ ዱቄት አብስለው፣ አቀዝቅዘው፣ በሎሚና በዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ የሚያሹትን ቡቲቻ የማያውቅ ማን አለ? እኔ ግን «ከሱቅ ነው» ማለት አፈረኝ። የፕላስቲክ ዕቃውን ቀድሜ ከቆሻሻው ሥር ደብቄው ነበር። ሽምብራ ለቅማ፣ ቆልታ፣ አስፈጭታ ላሳደገች እናት ሦስት ዶላር ከፍዬ የገዛሁትን አቀረብኩልሽ እንዴት ይባላል? እናንተም እንዲህ ያለ ዕቃ የደበቃችሁበት ቀን አይጠፋም።

በስሑር ሰዓት ወጥ ቤት ስገባ ዕቃው ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል። «ለቅመም ይሆነኛል» አለች ሳታየኝ። ቆየት ብላ ደግሞ «ሌላ ሰው ፈጭቶ ካቆየልሽ አልሐምዱሊላህ ነው፤ ምን ያስደብቅሻል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሻዩን ቀዳሁላት።

እንግዳ ለምትጠሩ አንድ ነገር ላክል። ሰሊጥ የማይስማማው ልጅ አለ፤ ጉዳቱም ከባድ ሊሆን ይችላል። አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ከጥር 2023 ጀምሮ ሰሊጥ ያለበት የታሸገ ምግብ ይህንኑ በማሸጊያው ላይ ማሳወቅ አለበት። ቤት የተቀላቀለው ማጣፈጫ ግን ጽሑፍ የለውምና ሳህኑን ከማቅረባችሁ በፊት እናቶችን ጠይቁ።

እናቴ ደሴ ተመልሳለች። በሰፈሯ ሁሙስ የሚሸጥ ሱቅ ስለሌለ ሽምብራ ቀቅላ በሙቀጫ ትወቅጣለች፤ ሰሊጥ ቆልታ ትጨምርበታለች። ባለፈው ስደውል «ውኃው ስንት ማንኪያ ነበር ያልሽኝ?» አለች። ነገርኳት። «ግፊትሽስ?» ብላት ግን ወሬ ቀየረች።