ከሎንዶን እስከ ሲድኒ፦ የረጅም በረራ የመንገድ ማደሪያዎች

ከሎንዶን ተነሥቶ የአውስትራሊያዋን ሲድኒ የሚያገናኘው የአየር መስመር በቀጥታ ሲለካ 17,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም በመሆኑ፣ የረጅም ጉዞንና የመንገድ ላይ ዕረፍትን ዝምድና ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው ከእርሱ የተሻለ መስመር ማግኘት ያስቸግራል። የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ ይህን መስመር «የካንጋሮ መስመር» ሲል ሰይሞታል። የመንገድ ማደሪያ ሲባል እዚህ የሚታሰበው አውሮፕላን ለመለወጥ ሲባል ብቻ በመጠባበቂያ አዳራሽ የሚያልፈው የጥቂት ሰዓት ትራንዚት ሳይሆን፣ ተጓዡ ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ወደ ከተማ ገብቶና አልጋ ይዞ ቢያንስ አንድ ሌሊት የሚያሳልፍበት ቆይታ ነው፤ በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመስመሩ የመንገደኞች አገልግሎት በ1935 ሲጀመር የእንግሊዙ ኢምፔሪያል አየር መንገድና ቃንታስ በሽርክና መንገዱን ተከፋፍለው ይሠሩ ስለነበር፣ ከሎንዶን የተነሣ መንገደኛ ከፓሪስ እስከ ጣሊያኗ ብሪንዲዚ ወደብ በባቡር ተጉዞ፣ ከዚያ ወዲያ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው እየተዛወረ የአውስትራሊያዋ ብሪዝቤን ለመድረስ ወደ 12 ቀን ተኩል ይፈጅበት ነበር። በ1938 ግን «ኢምፓየር» የሚባሉት፣ በውሃ ላይ የሚያርፉና ከውሃ ላይ የሚነሡ ባለ አራት ሞተር አውሮፕላኖች ሥራ ሲጀምሩ፣ ጉዞው ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ተነሥቶ በሲድኒው ሮዝ ቤይ በ9 ወይም በ10 ቀን የሚያልቅ ሆነ። እነዚህ አውሮፕላኖች ቢበዛ 24 መንገደኞችን የሚይዙ ሲሆኑ፣ መንገደኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ በመስኮቶቹ አጠገብ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከትበት ሰፊ ክፍል ነበራቸው፤ የካቢናቸው አየር የማይታመቅ በመሆኑ ዝቅ ብለው ይበሩ ስለነበር፣ ከመስኮቱ የሚታየው እንደ ዛሬው የደመና ጀርባ ሳይሆን ወንዙ፣ መንደሩና የእርሻው ማሳ ነበር።

የዚያ ዘመን የማደሪያ ድሎት ከየት እንደመጣ ለመረዳት የአውሮፕላኑን ድካም ማወቅ ያስፈልጋል። ኢምፓየር አውሮፕላን በአንድ የነዳጅ ሙሌት የሚሄደው ከ1,200 ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ በመሆኑ በመንገዱ ላይ ሠላሳ ያህል ጊዜ ያርፍ ነበር፤ በጨለማ በውሃ ላይ ማረፍም አደገኛ ስለነበር፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ጉዞው ቆሞ፣ መንገደኞቹ በሞተር ጀልባ ወደ ዳር ወጥተው በሆቴል ያድሩና ጎሕ ሳይቀድ ተቀስቅሰው ይመለሱ ነበር። የሆቴሉ ወጪ ከትኬቱ ጋር አብሮ የተከፈለ ነበር። ስለዚህ የአቴና፣ የባስራ፣ የካራቺ፣ የካልካታና የባንኮክ ሌሊቶች በመጀመሪያ የነዳጅና የብርሃን ጉዳይ ነበሩ ማለት ነው፤ ግዴታው ከመጣ በኋላ ነው አየር መንገዶቹ ሌሊቱን ማሳመር የጀመሩት።

ሁሉም ማደሪያ እኩል የተንቆጠቆጠ እንዳልነበረ ግን መታወቅ አለበት። በኢራቅ ባስራ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጋር ተያይዞ የተሠራ ዘመናዊ ሆቴል ሲኖር፣ በሻርጃ ደግሞ በ1932 የተቋቋመው የመንገደኞች ማደሪያ በበረሃ መካከል የቆመና ዘበኛ የሚጠብቀው ምሽግ መሰል ግንብ ነበር። ከሻርጃ ጎን ያለችው ዱባይ በ1937 በተደረገ ስምምነት የውሃ አውሮፕላኖቹ ወደ ከተማዋ መካከል በሚገባው የባሕር ሰርጥ እንዲያርፉ ስትፈቅድ፣ ሕዝቧ በዕንቁ ለቀማና በንግድ የሚተዳደር ትንሽ የወደብ ከተማ ነበረች፤ የዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ በ2014 በዓለም አቀፍ መንገደኞች ብዛት የሎንዶኑን ሂትሮው መብለጡን ያየ ሰው፣ የመንገድ ማደሪያ መሆን የአንድን አገር ዕጣ እስከምን ድረስ እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ከማደሪያዎቹ ሁሉ ስሟ የገነነው ሲንጋፖር ናት። የውሃውንም የየብሱንም አውሮፕላን የሚያስተናግደው የካላንግ ማረፊያ በ1937 የተከፈተ ሲሆን፣ ከዚያ የወረደው ረጅም ተጓዥ ብዙውን ጊዜ ወደ ራፍልስ ሆቴል ይሄድ ነበር። ሆቴሉ በ1887 በባሕር ዳርቻ ጎዳና ላይ 10 ክፍሎች ባሉት የድሮ ቤት ሥራ ጀምሮ፣ በ1899 እስከ ዛሬ የሚታየውን ነጭ ዋና ሕንፃውን የሠራ፣ የኤሌክትሪክ መብራትና የጣሪያ ማራገቢያ በማስገባትም በአካባቢው ቀዳሚ የነበረ ቤት ነው። ምድር ወገብ አጠገብ ባለች፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ሌሊትም በማይለቅባት ደሴት ላይ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ሰፊ በረንዳና ዝግ ብሎ የሚዞር ማራገቢያ የጌጥ ነገሮች አልነበሩም፤ ሥራቸው ሰውነትን ማብረድ ነበር። ቀኑን ሙሉ በሞተር ድምፅ ሲደነቁር የዋለ መንገደኛ እንዲህ ባለ በረንዳ ላይ ሲቀመጥ የሚያገኘው ጸጥታ፣ በወርቅ ከተለበጠ አዳራሽ ይልቅ ድሎት የሚለውን ስም የሚገባው ነው።

የሆቴሉ መሥራቾች ሳርኪስ የሚባሉ ወንድማማቾች ሲሆኑ፣ በፋርስ ኢስፋሃን አጠገብ ካለችው የአርመኖች ሰፈር ከኒው ጁልፋ የመጡ አርመኖች ነበሩ፤ በማሌዢያዋ ፔናንግ «ኢስተርን ኤንድ ኦሪየንታል» የተባለውን፣ በበርማዋ ራንጉንም «ስትራንድ» የተባለውን ሆቴል ያቋቋሙት እነርሱው ናቸው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም፤ ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው «አርባ ልጆች» የተባሉት ወላጅ አልባ የአርመን ሙዚቀኞችና በንጉሡ ዘመን ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንድያን፣ አገሩን በግፍ ያጣ ወይም በንግድ የተበተነ ሕዝብ በሰው አገር ምን ያህል ሊያንጽ እንደሚችል ለአዲስ አበባ አሳይተዋልና። በሲንጋፖር የሳርኪሶች ድርጅት በ1931 በዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ከስሮ ቢፈርስም፣ ቤቱ ግን ቀጥሏል፤ በ1987 ብሔራዊ ቅርስ ተብሎ ከታወጀ በኋላ ሁለት ጊዜ ታላቅ እድሳት ተደርጎለት፣ ዛሬ 115 ሰፋፊ መኝታዎች አሉት።

ስለዚህ ድሎት ሲነገር የሚዘለል አንድ ነገር አለ። በረንዳው ላይ የሚቀመጠው በአብዛኛው አውሮፓዊ፣ ቆሞ የሚያስተናግደው ደግሞ ቻይናዊ፣ ማሌይ ወይም ሕንዳዊ ነበር፤ በተለይ በሲንጋፖር ሆቴሎች ወጥ ቤትና መጠጥ ቤት ይሠሩ ከነበሩት ብዙዎቹ ከደቡብ ቻይናዋ የሃይናን ደሴት የመጡ ስደተኞች ሲሆኑ፣ የከተማዋን ስም በዓለም ያስጠራውን «ሲንጋፖር ስሊንግ» የተባለ ቀይ መጠጥም የቀመመው ንጂያም ቶንግ ቡን የተባለ የራፍልስ የሃይናን ተወላጅ ሠራተኛ መሆኑ ይነገራል። ሥርዓቱ የቅኝ ግዛት ሥርዓት ነበር፤ ሲንጋፖር የካቲት 1942 በጃፓን እጅ ስትወድቅም መስመሩም የአስተናጋጅና የተስተናጋጅ ልማዱም አብረው ተቋርጠዋል። ዛሬ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለእንግዳ አልጋ ከሚያነጥፉትና ቤት ከሚያጸዱት መካከል ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች አሉ፤ ስለ ማደሪያ ውበት የሚጽፍ ሰው የእጃቸውን ሥራ ካላነሣ ጽሑፉ ጎደሎ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ታኅሣሥ 1 ቀን 1947 የቃንታስ ኮንስቴሌሽን አውሮፕላን 29 መንገደኞችና 11 የበረራ ሠራተኞች ይዞ ከሲድኒ ሲነሣ፣ በዳርዊን፣ በሲንጋፖር፣ በካልካታ፣ በካራቺ፣ በካይሮና በትሪፖሊ እያረፈ በአራት ቀን ሎንዶን ደረሰ፤ መንገደኞቹ በሲንጋፖርና በካይሮ አድረዋል። የደርሶ መልስ ዋጋው 585 ፓውንድ ሲሆን፣ ይህም የአንድ ተራ አውስትራሊያዊ ሠራተኛ ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ነበር። በ1959 የጄት ሞተር ያለው ቦይንግ 707፣ በ1971 ደግሞ ሰፊው ቦይንግ 747 በመስመሩ ሲሰማሩ ሰዓቱም ዋጋውም ወረደ፤ ግዴታ የነበረው ማደሪያም ቀርቶ፣ ለፈለገ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈልበት ምርጫ ሆነ።

አውሮፕላኑ ሲጠነክር ግን የሰው ሰውነት እንደ ነበረ ነው። በአንጎል ውስጥ ያለው፣ እንቅልፍንና ንቃትን፣ ረኃብንና የሰውነትን ሙቀት በቀንና ሌሊት ሥርዓት የሚመራው የተፈጥሮ ሰዓት ከአዲስ አገር ሰዓት ጋር የሚስማማው በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል እየተስተካከለ በመሆኑ፣ ብዙ የሰዓት ክልሎችን ባንድ ጊዜ ያቋረጠ መንገደኛ ለቀናት ሌሊት ነቅቶ ቀን ያንቀላፋል፤ ጄት ላግ የሚባለው ይኸው ነው። በካቢና ውስጥ ያለው አየርም እጅግ ደረቅ ሲሆን፣ ግፊቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ባለ ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር ይመሳሰላል፤ ይህ የመጨረሻው ከአዲስ አበባ ከፍታ ጋር የሚቀራረብ ስለሆነ፣ ለባሕር ዳርቻ ነዋሪ የሚከብደው ስስ አየር የእኛ አገር ደገኛ የለመደው ነው። ረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር የደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ስለሚጨምርም፣ በመንገድ መካከል ወርዶ መራመድና ተዘርግቶ መተኛት ቅንጦት ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያዎች ራሳቸው ማደሪያ ለመሆን ይፎካከራሉ። በ1981 ሥራ የጀመረው የሲንጋፖር ቻንጊ ማረፊያ የቢራቢሮ አትክልት ቦታና የመዋኛ ገንዳ ያለው ሲሆን፣ በ2019 የተከፈተውና በሃይፋ የተወለደው አርክቴክት ሞሼ ሳፍዲ የነደፈው «ጁዌል» የተባለ የመስተዋት ሕንፃ ከጣሪያው መካከል 40 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ ይዟል። ይህ ውበት የሚደነቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ተጓዡን ከገበያ አዳራሽ ሳያወጣ የሚያስጎበኝ በመሆኑ፣ ፏፏቴውን ያየ ሰው ሲንጋፖርን አየሁ ሊል አይችልም። ማረፊያው ረጅም ሰዓት ለሚጠብቁ መንገደኞች በነፃ የሚያዘጋጀው የከተማ ጉብኝት ከፏፏቴው ይልቅ ሊመሰገን ይገባዋል።

በሌላ በኩል ከመጋቢት 2018 ጀምሮ ከአውስትራሊያዋ ፐርዝ ሎንዶን ያለማቋረጥ በ17 ሰዓት ገደማ ይበረራል፤ ከሲድኒም በቀጥታ ሎንዶን የሚያደርስ፣ ወደ 20 ሰዓት የሚወስድ በረራ ታቅዷል። ሥራ ለሚቸኩልና በመኝታ ወንበር ለሚጓዝ ሰው ይህ ታላቅ ጥቅም እንደሆነ አይካድም፤ ሕፃን ለታቀፈች እናት ወይም በጠባቡ ወንበር ለሚቀመጥ ሽማግሌ ግን 20 ሰዓት ባንድ ትንፋሽ መጓዝን ዕድገት ብሎ መጥራት ይከብዳል። ከአዲስ አበባ ወደ አውስትራሊያ የሚሄድ ቀጥታ በረራ ስለሌለ፣ በሜልቦርንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለመጠየቅ የሚነሣ ቤተሰብ የግድ በዱባይ፣ በዶሃ፣ በሲንጋፖር ወይም በሌላ ከተማ ያልፋል። አቅሙና የመግቢያ ፈቃዱ የተገኘለት እንደሆነ፣ በተለይ አባትና እናቱን የሚያሻግር ሰው፣ ትኬቱን ሲቆርጥ አጭሩን ትራንዚት ትቶ አንድ ሌሊት በከተማ የሚያሳድረውን ቢመርጥ፣ ለሽማግሌዎቹ ደግ ሥራ ይሠራል።