ለጥንቸልም ለወፍም የሚሆን ውሻ

እዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ናፍቆት ብዙ ጽፋችኋል። አንብቤ ያለቀስኩበትም አለ። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው። አትሳቁ። ሪያድ ውስጥ ውሻ የሚያስገባ ቤት አይቻለሁ፣ እኔም ቤት ገብቷል፣ ነገ እናንተ ጋ ሲመጣ እንደኔ ግራ እንዳትጋቡ ብዬ ነው።

ማማ እንደምትለው ድሮ እንዲህ አልነበረም። በፈረንጆች 2008 ሪያድ ውስጥ የሃይማኖት ፖሊሶቹ ውሻና ድመት መሸጥን፣ መንገድ ላይም ይዞ መዞርን ከልክለው ነበር። ወንዶቹ በውሻው እያሳበቡ ሴት ይለክፋሉ ተብሎ ነው። አሁን ማታ ማታ በእኛ ሰፈር ውሻውን በገመድ ይዞ የሚሄድ ወጣት አያለሁ፣ ማንም ምንም አይለውም።

የማማ ትልቁ ልጅ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። አደን ይወዳል። ከሽታ የሚሉትን መቼም ታውቁታላችሁ፣ ብርድ ሲገባ ድስቱን፣ ምንጣፉን፣ የቡናውን ደላ ሁሉ ጭነን በረሃ የምንወርድበትን። ለእነሱ ሽርሽር ነው፣ ለእኛ ማድ ቤቱን ተሸክሞ መሄድ ነው። ካቻምና ጥቅምት አካባቢ ልጁ "አንድ ውሻ እገዛለሁ፣ ለጥንቸልም ለወፍም የሚሆን" አለ። ከዚያ በኋላ መጅሊሱ ውስጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ ክርክሩ ይኸው ነበር። እኔ ቡና እየቀዳሁ ሁሉንም ሰማሁ።

ሽማግሌው፣ የባባ አባት፣ ሌላ ቃል አልነበራቸውም፤ ሰሉቂ! ሰሉቂ ማለት ቀጭኑ ውሻ ነው፣ እግረ ረጅም፣ ወገቡ የገባ፣ ጆሮው የተንጠለጠለ። በደዊኖቹ ከጥንት ጀምሮ የሚያድኑበት እሱ ነው። እንዲያውም ብዙዎቹ ከልብ ብለው አይጠሩትም፣ ሑር ይሉታል፣ ጨዋ ዘር እንደማለት ነው። ሌላው ውሻ ድንኳን ሲከለከል እሱ ይገባል። ሰሉቂ የሚያድነው በዓይኑ ነው። ጥንቸል ከቁጥቋጦ ስትነሳ ካየ አበቃ፣ በሰዓት ስልሳ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ መኪና ተከትሎት ሲሄድ አይቻለሁ። ድርጭት ሣር ውስጥ ተደብቃ ከተኛች ግን ሰሉቂ ምን ያርግ? ማሽተት አይደለም ሥራው። ወፉን ድሮም የሚይዙላቸው ጭልፊቶቹ ናቸው።

ልጁ ደግሞ የጀርመን ፖይንተር ነው የሚፈልገው። ጸጉሩ አጭር፣ ቡናማና ነጭ ዝንጉርጉር። ጀርመኖቹ ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት ያወጡት አንድ አዳኝ አንድ ውሻ ብቻ ይዞ ሁሉን እንዲሠራ ብለው ነው። በአፍንጫው ይፈልጋል፣ ወፉን ሲያገኝ አንድ እግሩን አንስቶ እንደ ሐውልት ድርቅ ይላል፣ ከተተኮሰ በኋላ ሄዶ በአፉ ሳይጨፈልቅ ያመጣል። ውሃ ውስጥም ይገባል። ልጁ በስልኩ ቪዲዮ እያሳየ "አያ፣ ሰሉቂህ ይሄን ይችላል?" ይላል። ሽማግሌው ፊታቸውን ያዞራሉ።

አንድ ቀን ልጁ የውሾቹን ፎቶ ባንድ ጣቱ እየገፋ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ዋጋ ያነብባል። እኔ ስኒ ይዤ ቆሜያለሁ። መክተብ እኔን ሲመርጡኝም ልክ እንደዚህ ነበር፤ ፎቶ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ምን ምን ትችላለች። ራሴን ከውሻ ጋር ማወዳደሬ አይደለም፣ የመጣልኝን ነው የምጽፈው። ምን ይችላል ብለው ይጠይቃሉ እንጂ ምን ያስፈልገዋል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኔ ወረባቦ ነው ያደግኩት፣ ደቡብ ወሎ። ቤታችን ነብሮ የሚባል ውሻ ነበር። ዘሩ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ የሚጠይቅም የለም። ሌሊት ማሽላውን ከጃርትና ከከርከሮ ይጠብቃል፣ ቀን ወንድሞቼ ጅግራና ቆቅ ሲያባርሩ አብሮ ይሄዳል። ለሁሉም የሚሆን ውሻ ማለት እሱ ነበር። አባቴ ቡችላ ሲመርጥ ቡችላውን አያይም፣ እናቱን ነው የሚያይ። የት ታድራለች? ምን ትበላለች? ክረምቱን እንዴት ትችላለች? ከዚያ ምግብ ያስቀምጥና ከሁሉ ቀድሞ ተጋፍቶ የሚመጣውንም፣ ኋላ ቆሞ የሚፈራውንም ይተዋል። መሃል ያለውን ያነሳል።

ይህን አንድ ቀን ለማማ ነገርኳት፣ እሷ ለልጁ ነገረችው። ጠርቶ "በይ ንገሪኝ፣ አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትመርጫለሽ?" አለኝ። እየቀለደ ነው። እኔ ግን የምሬን "እናቱ የሙቀቱን ወራት የት ነው ያሳለፈችው?" አልኩት። ሳቀ። ፖይንተሩ ከአውሮፓ ነበር የሚመጣው።

ኅዳር ላይ መጣ። ቆንጆ ነው፣ መቼም ውሸት አልናገርም። ማን እንደሚያበላው፣ ማን እንደሚያጥበው፣ ማን እንደሚያዞረው ግን ያን ሁሉ ሳምንት ሲከራከሩ አንዴም አልተነሳም ነበር። በማግስቱ ማማ ጎድጓዳ ሳህኑን ሰጠችኝ። በቃ፣ ታወቀ።

ሥራውን ልንገራችሁ። ይህ ዓይነት ውሻ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ካልሮጠ ያብዳል። ሁለት ጫማዬን በልቷል፣ የሶፋውን ጠርዝ በልቷል፣ በሶፋው የተቆጣችው እኔን ነው። ምራቁ ልብሴን ሲነካ ለሶላት ልቀይር ነው፣ ሳህኑን ለብቻ ሰባት ጊዜ ላጥብ ነው። ለአደንና ለጥበቃ ውሻ መያዝ ዲኑ ይፈቅዳል፣ የሠለጠነ ውሻ ቢስሚላህ ተብሎበት ያመጣውም ይበላል፣ እሱን ሽማግሌው በደንብ ያስረዳሉ። እጥበቱን ግን እሳቸው አይደሉም የሚያጥቡት። የእኔ ቀን ቀድሞም ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ነበር የሚጀምረው፣ አሁን አስር ሰዓት ሆነ።

ጥር ላይ ለአደን ወጣን። አደን እዚህ በፈቃድ ነው፣ የዱር እንስሳት ማዕከሉ ወቅቱንና የሚፈቀደውን ዓይነት ያወጣል፣ ልጁ ፈቃዱን ይዞ ነበር። ሽማግሌውም የአንድ በደዊን ወዳጃቸውን ሰሉቂ አስመጡ። ለድርጭቱና ለዱር ርግቡ ፖይንተሩን የሚያህል የለም። ድርቅ ብሎ ሲቆም እኔም ድስቱን ትቼ አየሁት፣ እውነት ያምራል። ክፍት ሜዳ ላይ ጥንቸል ስትነሳ ደግሞ ሰሉቂው እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሄደ፣ ፖይንተሩ ገና ሲያሸት ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፣ ልጁም አያቱም። በመመለሻችን ላይ ሁለቱም አኩርፈው ነው የተቀመጡት።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ሰኔ ላይ ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ውጭ አገር ሄደ። ውሻው ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ጥላ አለው፣ ውሃ አለው፣ ግን ሪያድ አርባ አምስት ዲግሪ ሲገባ ጥላውም ምድጃ ነው። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፣ እያለከለከ ነው ሙቀቱን የሚያወጣው። የበረሃው ሰሉቂ ራሱ በዚያ ሰዓት አይሮጥም፣ ተኝቶ ነው የሚውለው። አንድ ቀን ከዙህር በኋላ ልብስ ላሰጣ ስወጣ ፖይንተሩ በጎኑ ወድቋል፣ ምላሱ ወጥቷል፣ ዓይኑ ያያል ግን አያየኝም። ነብሮ ትዝ አለኝ። መፍራቴን ረሳሁ። ጎትቼ ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገባሁት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሆዱና እግሩ ላይ አፈሰስኩበት፣ ማራገቢያ ከፈትኩ፣ በትንሽ በትንሹ አጠጣሁት። ሾፌራችን ባንግላዴሻዊው "ውሻ መኪና ውስጥ አላስገባም" አለ። ለመንኩት። አንሶላ አንጥፈን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው።

ተረፈ። ማማ ማታ ሐኪም ቤት የተከፈለውን ስታይ መጀመሪያ ያለችኝ "ለምን ግቢ ተውሽው?" ነው። በቤቱ ውስጥ ውሻ አይገባም ያለችው ራሷ ናት። ያን ሌሊት አልተኛሁም። ቢሞት ኖሮ ዋጋው ከእኔ የስንት ወር ደመወዝ እንደሆነ በጣቴ ቆጠርኩ። ቢሞት ሂሳቡ በማን ላይ ይደርስ እንደነበር ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ።

ልጁ ሲመለስ ማማም ባባም ባሉበት ተናገርኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ጨረስኩት። ውሌ ላይ የተጻፈው የቤት ሥራ ነው አልኩ። ውሻውን እወደዋለሁ፣ ግን የምይዘው ከሆነ ሰዓቱ ይለካ፣ ክፍያው ይታወቅ፣ በሙቀቱ ወራት ማቀዝቀዣ ያለበት ቦታ ይኑረው፣ ከታመመም በእኔ ላይ አይጠየቅ። ባባ ዝም አለ። ሽማግሌው ግን ከዚያ ጥግ "ልጅቷ እናቱ የት ነው ያደገችው ብላህ ነበር" አሉት። ለካ ሰምተውኝ ኖሯል።

ፖይንተሩ አሁን አብሃ ነው፣ የልጁ ጓደኛ ጋ። አብሃ ተራራ ነው፣ ነፋሻ ነው፣ እንደ ወሎ ደጋ ነው ይላሉ። ልጁ አያቱን ሰምቶ ከበደዊኑ የሰሉቂ ቡችላ ወሰደ፣ እናቷን ሄዶ አይቶ ነው የመረጣት። ወደ ቱማማ መንገድ ባለው ኢስቲራሃቸው ከሱዳናዊው ጠባቂ ጋር ነው የምትኖር። ለወፉ ምን ያርግ? ለጊዜው ጓደኛውን ከነውሻው ይጋብዛል። ሁሉን የሚችል አንድ ውሻ መፈለጉን ትቷል።

እናንተ ቤት ውሻ ሊመጣ ከሆነ ከመምጣቱ በፊት ጠይቁ። የክትባት ደብተሩን በዓይናችሁ እዩ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምን እንደሚያደርግ አገር ቤት አይተናል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና አስራ አምስት ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉ፣ ሐኪም ቤት ሂዱ። አዙሪው ካሏችሁ የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አድርጉ፣ እናንተን ካቃጠለ እግሩንም ያቃጥለዋል፣ ይህን ለማዳም ማሳየት ከመናገር ይቀላል።

አርብ አርብ ወደ ኢስቲራሃው ስንሄድ ቡችላዋን የማበላት እኔ ነኝ። ለዚያ በወር መቶ ሃምሳ ሪያል ተስማምተናል። ሁለት ወር ተሰጠኝ፣ ሦስተኛው ወር ተረሳ። ባለፈው አርብ ሳህኑን ይዤ ልጁ ፊት ቆምኩ፣ ሳላስቀምጠው። ኪሱ ገባ።