ሰባት ቀን በካርቱም

ከካርቱም የተመለስን ሰሞን «ምን አያችሁ?» ላላችሁን ሁሉ «ሐኪም ቤት ነበርን» ብለን አልፈናችኋል። ሐኪም ቤት የቆየነው ሁለት ቀን ብቻ ነው። የቀሩትን አምስት ቀናት አፍረን ደበቅናችሁ፤ እናንተ ራሽን ስትሰለፉ እኛ ስንሸራሸር ነበርና።

ጊዜው መስከረም 2015 ዓ.ም. ነው። ለአንዳችን ዓይን ሕክምና፣ ለሌላችን አስታማሚነት ተብሎ የሰባት ቀን ተስሪህ ተሰጠን። የሁለት ዓመት ልጃችንን ለጎረቤት አደራ ሰጥተን ከገዳሪፍ አውቶቡስ ተሳፈርን፤ በዋድ መደኒ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ሲመሽ ካርቱም ገባን። ሐኪሙ በሁለተኛው ቀን ጠብታ አዝዞ አሰናበተን። የተጋባነው በ2012 ዓ.ም. ነበር፤ በዓመቱ ስደት መጣ። ሁለታችን ብቻችንን መንገድ ለመንገድ የዞርንበት ቀን ኖሮን አያውቅም። ተስሪሁ እስኪያልቅ ብለን ቀረን።

ያረፍነው ዴም ነው። ያን ጊዜ ዴም የሐበሻ ምግብ ቤትና ቡና የሞላበት ሰፈር ነበር፤ ጠዋት በአማርኛ ጨዋታ እንነቃለን። ያስጠጉን እትዬ በኒም ዛፍ ሥር ሻይ እያፈሉ ልጆች ያሳደጉ ሴት ናቸው። ሱዳኖች በንበር የሚሏት አጭር በርጩማ ላይ ሲቀመጡ ንግሥት ይመስላሉ፤ ከበርጩማቸው ዙሪያ ተማሪውም፣ ሹፌሩም፣ ጡረተኛውም ተኮልኩሎ ይውላል።

ፉልን ለእናንተ ማስተዋወቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። የዴሙ ፉል ግን ይለያል። ባቄላው ሌሊቱን ሙሉ በትልቅ ድስት በፍም ላይ አድሮ ጠዋት በጠርሙስ ቂጥ ይደቆሳል፤ የሰሊጥ ዘይቱ፣ ከሙኑ፣ ነጩ አይብና ጥሬው ሽንኩርት ከላይ ይወርድበታል። ለሁለት አንድ ሳህን አዘን ገና ሳንጎርስ ከጎናችን ያለው ሰውዬ የራሱን ሳህን ወደኛ ገፍቶ «ተፈደሉ!» አለን። ሌላውም ዳቦውን ይዞ ቀረበ። በመጨረሻ የማን ፉል እንደተበላ አልታወቀም። የቤተሰብ ቁጥር በካርድ እያሳየን የምንበላ ሰዎች ስለሆንን መጀመሪያ ላይ እጃችን ፈራ።

በአራተኛው ቀን ኦምዱርማን ልንሻገር ስንል ከተማው ሰልፍ ነበረበት። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ድልድዮቹ በኮንቴይነር ይዘጉ ነበር። ያ ቀን እንዲሁ ባከነብን፤ እትዬ አጠገብ ተቀምጠን ብርጭቆ ስናጥብ ዋልን። በማግሥቱ በእግራችን ተሻገርን።

ከድልድዩ አጠገብ ሞግረን አለ፤ ትርጉሙ እኛ መገናኛ እንደምንለው ነው። ከሰከላ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ የመጣው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ሁለቱ ውኃዎች ወዲያው አይቀላቀሉም፤ አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ነጣ ብለው ጎን ለጎን ጥቂት ይሄዳሉ። «ይኸ የእኛ ነው» ብለን በጣታችን እየለየን ስንከራከር ቆየን። ድልድይ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለነበር ለማስረጃ የምናሳያችሁ የለንም።

ኦምዱርማን የማህዲን መቃብር ጉልላትና የኸሊፋውን ቤት ከውጭ አየን። አፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ካለፉ በኋላ ራሳቸው ተቆርጦ የመጣው ወደዚህች ከተማ ነበር። እኛም ያመጣን ያው የመተማ መንገድ ነው። ዝም ብለን ስንቆም አንድ ሽማግሌ «ሐበሽ?» አሉን። አዎ ስንል እንግዳ ናችሁ ብለው ሻይ አስቀዱልን፤ ክፈሉም አላሉን። ከዚያ ሞረዳ ወርደን በወንዙ ዳር የተጠበሰ ቦልቲ በሎሚና በሸጣ በላን። አጥንቱን እንኳ አልማርነውም።

በመጨረሻው ማታ እትዬ «እናንተ ልጆች፣ ምን ልትሆኑ ትመለሳላችሁ? አንቺ ከእኔ ጎን ታፈያለሽ፣ አንተም ሆቴል ሳህን ታጥባለህ። ልጁን ሰው ያመጣላችኋል» አሉን። አንዳችን እንቅር፣ አንዳችን እንመለስ አልን። የትኛችን የትኛውን እንዳልን አትጠይቁን። ኬሻ ሲመጣ ጀበናና በርጩማ እንደሚወሰድ እትዬም አልደበቁንም፤ ቢሆንም ያ የሰው እጅ የማያዩበት እንጀራ ነው። ሌሊቱን ተጨቃጨቅን፤ እንደዚያ ተከፋፍተን አናውቅም። ጠዋት ወደ ካምፕ ስንደውል ልጃችን ጎረቤታችንን «እማዬ» ማለት መጀመሩን እየሳቀች ነገረችን። እኛ አልሳቅንም። ሁለታችንም ሳንነጋገር ጓዛችንን አነሣን። እትዬ የሸክላ ጀበናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አስያዙን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። አንድ ወር ያህል ስልካቸው ይጠራ ነበር። በኋላ ዋድ መደኒ ታይተዋል ያለን ሰው ነበር፤ ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ጦርነቱ መደኒም ደረሰ።

አሁን የደበቅነውን ያወጣነው ለዚህ ነው። ከዴም ወይም ከመደኒ ሸሽታችሁ እዚህ የገባችሁ ካላችሁ፣ አንገታቸው ላይ ባለ ሦስት መስመር ንቅሳት ያላቸው፣ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ፣ ቡና ላይ ዝንጅብል የሚያበዙ ሴት አይታችሁ እንደሆነ ንገሩን። ጀበናቸው እኛ ዘንድ ደኅና ናት።