የአባታችን ቮልስና የተለማማጁ ቃል

ስለ ክረምት ዕረፍታችን ጥቂት እንድንጽፍ በተጠየቅን ጊዜ፣ ልንሸሽገው እንፈልግ የነበረ አንድ ጥፋታችን ትዝ አለን። ለወገኖቻችን የሚጠቅም ቢሆን እንናገረዋለን።

ሁለት ወንድማማቾች ነን፤ አንዳችን እዚህ ካይሮ ሕክምና ስንማር፣ ሌላችን አዲስ አበባ ከወላጆቻችን ጋር ነው። በግቢያችን ጥግ አሥራ አንድ ዓመት በሸራ ተሸፍና የቆመች የአባታችን ቮልስ አለች። በ1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1285 ሲሲ ናት፤ አባባ በ1984 ዓ.ም. ከሁለተኛ እጅ ገዟት። ጎረቤቱ ሁሉ «ለቆራሌው ስጧት» ይላል። አባባ ግን መልስ አይሰጡም፤ ቁልፏን ብቻ ከኮታቸው ኪስ አይለዩም። እኛም እንቁጣጣሽ ሳይደርስ ልናስነሣት ቆረጥን።

ገንዘባችን ለጋራዥ ስለማይበቃ ባለሙያዎቹን ወደ ቤት ጠራን። መጀመሪያ የመጣው የላሜራ ሠራተኛ ነው። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው በኋለኛው ወንበር ሥር ነውና፣ አሲዱ ለዓመታት እየተንጠባጠበ ወለሉን በልቶት፣ የግቢው ሣር በቀዳዳው ይታይ ነበር። በዝናብና በዝናብ መካከል ሦስት ቀን ቆርጦ በየደው። የፍሬን ፖምፓና ካንዴላ ከሶማሌ ተራ ገዛን። ቀጥሎ ሽማግሌው መካኒክ ከአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ተለማማጅ ጋር መጡ።

ሞተሩ ተነሣ፤ ግን ያነክሳል። እኛ መጽሐፍ አንብበን ስለነበር «ካርቡራተሩ ነው» ብለን ፈረድን። ሽማግሌው ምንም ሳይሉ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ እኛ የሕመምተኛ ደረት እንደምናዳምጠው አንድ በአንድ አዳመጡና «ሦስተኛው ነው» አሉ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። በዚያ ዘመን ሞዴሎች የዘይቱ ማቀዝቀዣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚጋርድ፣ እሱ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል፤ ቫልቩም ቀድሞ ይቃጠላል። ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት እንዳሉት ሆኖ ተገኘ። እኛም አፈርን፤ ሆኖም አልተማርንም።

በመጨረሻው ቀን አዲስ ባትሪ ገጠምን። ከአሮጌው በሁለት ጣት ያህል ይረዝማል። ተለማማጁ ጎንበስ ብሎ አየና «ጋሼ፣ ይኼ ክዳን ይፈልጋል፤ ወንበሩ ሞላ አለው እኮ» አለ። ሽማግሌው ሒሳባቸውን ተቀብለው ሄደዋል፤ ቡናው ፈልቷል፤ እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። «አንተ ልጅ፣ አታዘግየን!» አልነው።

አንዳችን መሪ ያዝን፣ ሌላችን በር ከፈትን። አባባ ከፊት፣ እማማ ከኋላ በቀኝ፣ ልጁ ከጎናቸው ተቀመጡ። ኮብልስቶኑ ላይ ወጥተን ሁለት ጊዜ እንደነጠርን የጭስ ሽታ መጣ። የወንበሩ ሞላ በእማማ ክብደት ወርዶ የባትሪውን ሁለት ራሶች አገናኝቷል፤ ውስጡ የታጨቀው ደረቅ ቃጫ ተያይዟል። ቮልስ ደግሞ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት፤ የፊተኛው ሰው ሳይወርድ የኋለኛው አይወጣም። አባባን እስክናወርድ ልጁ እማማን ወደ ግራ ስቦ፣ ወንበሩን ገንጥሎ፣ የጋለውን ሽቦ በመዳፉ ይዞ ነቀለው። እማማ የነጠላቸው ጥለት ብቻ ተለበለበ። የልጁ መዳፍ ግን ተላጠ።

ከስንት ዓመት ትምህርት በኋላ ማድረግ የቻልነው መዳፉን ቧንቧ ሥር ሃያ ደቂቃ ይዘን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነበር። ውኃው ሲፈስ ልጁ አልወቀሰንም። «ክዳኑን ከካላማዳሪ ቆርጬ እሠራላችኋለሁ» ብቻ አለ። አባባ ግን ማታ ጠርተውን «ዶክተር ስትሆኑ የሚነግራችሁን ሰው ዕድሜና ልብስ እያያችሁ ነው የምትሰሙት?» አሉን። መልስ አልነበረንም።

በአገራችን ብረት የሚቀጠቅጠውና ሸክላ የሚሠራው «ቡዳ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብ በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። እኛ ማንንም ቡዳ አላልንም፤ ግን «አንተ ልጅ» ያልንበት ድምፅ ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ነገ በየሆስፒታሉ ስንቆም የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ ወለል ጠራጊው፣ የታመመ ልጅ ያቀፈች እናት «ይኼ ነገር ክዳን ይፈልጋል» ይሉናል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ነጠላ ብቻ አይሆንም።

ልጁ እጁ ሲድን ተመልሶ መጣ፤ ክዳኑንም እንዳለው ከካላማዳሪ ቆርጦ ሠራው። በእንቁጣጣሽ ዕለት እማማ እዚያው ቦታቸው ተቀመጡ። ከመነሣታችን በፊት ግን ወንበሩን አንሥተን ለልጁ አሳየነው፤ «ይሁን» ሲል ነው ቁልፉን ያዞርነው።