ስለ ወጣቶች የኀዘን ደዌ

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የተነሣው ጦርነት በመሸንቲና በአካባቢው ልጆች ላይ ያደረሰው ጕዳት በዓይን የሚታየው ብቻ አይደለም። ተኩስ የሰማ ልጅ ከወራት በኋላም ሌሊት ይባንናል፤ ምግብ ይጸየፋል፤ ከእኩዮቹ ተለይቶ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። ቤተ ሰቡ አንዱ ዓይነ ጥላ፥ ሌላው ስንፍና ይለዋል። ሐኪሞች ግን ድብርትና የድንጋጤ ቍስል ይሉታል።

ለዚህ ደዌ ቀዳሚው ሕክምና ንግግር ነው። ይኸውም የሠለጠነ ባለሙያ ልጁን በትዕግሥት እየሰማ፥ የፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እንዲናገረው ያለማምደዋል ማለት ነው። («በርታ፥ እርሳው» ማለት ሕክምና አይደለም፤ ይህን ግን በየቤታችን ስንት ጊዜ ሰምተናል!)

በባሕር ማዶ ከዚህ ጋራ ሌላ ነገር አጣምረዋል። በ1977 ዓ.ም. አንቶኒ ባርከር በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ከባልደረቦቻቸው ጋራ የሠሩት መሣሪያ ከራስ ላይ ተደግፎ በመግነጢስ ኃይል አእምሮን ያነቃቃል፤ በ1930 ዓ.ም. በሮማ እንደ ተጀመረው የኤሌክትሪክ ሕክምና ሰውነትን አያንቀጠቅጥም፥ ማደንዘዣም አያሻውም። በሳምንት 5 ቀን ለ6 ሳምንት ያህል ይደረጋል። አሳቡም አእምሮ ሲነቃ የንግግሩን ትምህርት ዝናብ እንዳራሰው እርሻ ይቀበላል የሚል ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ15 እስከ 21 ዓመት ላሉ በድብርት ለታመሙ ወጣቶች ከሌላ ሕክምና ጋራ እንዲሰጥ ፈቀደ።

እኛ ግን በመሣሪያው ፈጥነን አንደነቅም። ቀደም ብሎ በ103 ወጣቶች በተደረገ ጥናት፥ በእውነተኛው መሣሪያ የተሻላቸው ከመቶ 41.7፥ በይስሙላው የተሻላቸው ደግሞ 36.4 ነበሩ፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በይስሙላው የተሻላቸው ምን አገኙ? በየቀኑ የሚቀበላቸውና እንዴት አደራችሁ የሚላቸው ሰው አገኙ ብለን እንገምታለን። ይህን መሸንቲም ልትሰጥ ትችላለች፤ የነፍስ አባት፥ አክስት፥ መምህር፥ የሚያዳምጥ ከሆነ።

ልጁን ወደ ጠበል የሚወስዱ ወላጆችንም መድኃኒቱን አስጥሉት የሚል አይምከራቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ሲናገሩ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑና እንደማይጣሉ አስተምረዋል፤ ለአእምሮ ደዌም ያው ነው። ልጁ ስለ ሞት መናገር ከጀመረ ግን ሱባዔው እስኪፈጸም አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው፥ መንገድ እንደ ተገኘ በዚያው ቀን ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይወሰድ።