የድንኳኑ ሰው

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ከሲቀላ ወደ ሴቻ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ ካሉት ሰፈሮች በአንደኛው፣ ሰው ባረፈ ቁጥር ጥሩምባው ሳይነፋ አስቀድመው ከቤታቸው የሚወጡ፣ ጋቢያቸውን በትከሻቸው ጣል አድርገው የዕድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ይዘው የሚሄዱ አንድ አባት ነበሩ። ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ በሕይወት ሳሉ ስማቸው በጉባኤ መካከል ሲጠራ አንገታቸውን ደፍተው ጫማቸውን ይመለከቱ የነበሩትን ሰው፣ አሁን መከላከል በማይችሉበት ጊዜ ወደ አደባባይ ማውጣት ደግ ሥራ አይመስለኝም። ሰፈሩ በሙሉ “ጋሼ” ይላቸው ነበርና እኔም በዚሁ እጠራቸዋለሁ።

ጋሼ የተወለዱት በጨንቻ ደጋ፣ ጉም ከቀርከሃው ጫፍ በቶሎ በማይነሣበት አገር ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ እንዲዛወር በተደረገ ጊዜ፣ ሹሙ ማኅተሙንና መዝገቡን አስጭኖ፣ ነጋዴውም ሹሙን ተከትሎ ወደ ቆላው ሲወርድ፣ ሸማኔ የነበሩት አባታቸውም መወርወሪያቸውን በአንድ እጅ፣ ልጃቸውን በሌላው እጅ ይዘው ወረዱ። በዚያ ዘመን ቆላ መውረድ ማለት ከወባ ጋር መተዋወቅ ማለት ነበርና፣ ዘመዱን በደጋ ትቶ የመጣው ሁሉ የሚያስታምመውም የሚቀብረውም ጎረቤቱ ሆነ። ጋሼ ያዩትና የለመዱት ይህን ነው፤ ከዘመድ ይልቅ ጎረቤት ሲቀብር።

የአባታቸውን ሙያ ይዘው ኖሩ። ከጓሯቸው በሽፈራው ዛፍ ሥር እግራቸውን በጉድጓዱ ውስጥ አውርደው፣ ባለቤታቸው የፈተሉትን ድር ወጥረው፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልሱ ይውላሉ፤ አራት ልጆቻቸውንም አስተምረው ለወግ ለማዕርግ ያበቁት በዚህች ጉድጓድ ተቀምጠው ነው። ነገር ግን የጥሩምባ ድምፅ በተሰማ ጊዜ ማጉ እንደ ተወረወረ ይቀራል። እትዬ፣ ማለቴ ባለቤታቸው፣ ነገሩን ሁልጊዜ በደስታ ይቀበሉት ነበር ብል እዋሻለሁ። “የሰው ድንኳን ሲተክል የራሱ ጣራ ያፈሳል” እያሉ ደጋግመው ሲያማርሩ እኔው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ጣራውም በእውነት ያፈስ ነበር። ዘንድሮም አልተጠገነም።

በዕድሩ ዳኛም ጸሐፊም ሆነው አያውቁም፤ ተመርጠው ሁለት ጊዜ እንቢ ብለዋል። የእርሳቸው ሹመት ዕቃ ቤቱ ነበር። አግዳሚ ወንበሩ ስንት እንደ ሆነ፣ ከብረት ድስቶቹ የትኛው ጆሮው እንደ ተሰበረ፣ የንፍሮው ሰፌድ በማን ቤት እንደ ቀረ መዝገብ ሳይገልጡ ያውቃሉ። ድንኳኑ የተቀደደ እንደ ሆነ በመርፌ የሚጠቅሙት ራሳቸው ነበሩ፤ ስፌቱንም ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ የነጠላ ጥለት ይመስል እኩል እኩል ሆኖ የወረደ መሆኑን ያስተውል ነበር። በሐዘን ቤት ተቀምጬ፣ የሚባለው የማጽናኛ ቃል ሁሉ ባለቀ ጊዜ፣ ወደ ላይ አንጋጥጬ ያንን ስፌት ስቆጥር ያመሸሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው።

እርሳቸው የተዋሕዶ ልጅ ሲሆኑ ከዕድርተኛው ብዙው የቃለ ሕይወት ወይም የመካነ ኢየሱስ ምእመን ነው። ለአንዱ ጸሎተ ፍትሐት ይደረጋል፣ ለሌላው መዝሙር ይዘመራል፤ ጋሼ ግን በሁለቱም ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከኋላ ቆመው፣ ግብዓተ መሬቱ ሲፈጸም አካፋውን ከመጨረሻው ሰው ተቀብለው ነበር የሚመለሱት።

በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ በቡራዩ በወገኖቻችን ላይ የተፈጸመው ግድያ ተሰምቶ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል በተነሣ ጊዜ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በፊቱ ተንበርክከው እንደ መለሱት አገር ሁሉ አይቷል። ጋሼ ከተንበረከኩት መካከል አልነበሩም፤ በኋላ ስጠይቃቸው “እኔ ሃላቃ አይደለሁ፣ ምን ብዬ እቆማለሁ?” አሉኝ፤ ሃላቃ በጋሞ ባህል ማዕርግ ያለው የአገር ሽማግሌ ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ የማስበው ሌላ ነው። ያ ወጣት የተመለሰው ሣሩን ስላየ ብቻ አይመስለኝም፤ ሣር ለማያከብረው ሣር ነው። እናቱ ባረፈች ጊዜ ድንኳኑን የተከለለት፣ ወንድሙን በቃሬዛ የተሸከመለት ሰው እነዚህን ከመሰሉ አባቶች መካከል ስለ ነበረ፣ ጉልበታቸው ሲሸበረክ ማየት ከበደው። የጉልበቱ ክብር በዚያች ቀን የተገኘ ሳይሆን፣ ስማቸው የማይነሣ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ካስማ ሲመቱ ያጠራቀሙት ነበር።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተራራው ተንዶ ሰው በቀበረ ጊዜ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት በአካፋና በእጃቸው ይቆፍሩ የነበሩት ሰዎች ዳግመኛ በተናደው አፈር ተዋጡ፤ የሟቾቹም ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። ወሬውን በራዲዮ ስንሰማ ጋሼ ከጉድጓዳቸው ነበሩ።

“ሊቀብሩ ሄደው ነው?” አሉ።

“የለም፣ ሊያወጡ ሄደው ነው።”

“ያው ነው” ብለው መወርወሪያውን አስቀመጡት።

በማግሥቱ ለተጎጂዎች በሚሰበሰበው ልብስ ላይ አዲስ ጋቢ አጣጥፈው አኖሩ። ያ ጋቢ የታዘዘ ነበር፤ ያዘዝሁትም፣ ቀብዱን የከፈልሁትም እኔ ነኝ። ሌላ ሠርተው እስኪሰጡኝ ድረስ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ በደጃቸው ሳልፍ ሰላምታዬን ያሳጠርሁባቸው ቀናት ነበሩ። ዛሬ ይህን ስጽፍ የለበስሁት ሁለተኛውን ጋቢ ነው።

በቀብራቸው ማግሥት፣ ሰርኩ ሲገባ፣ ከአባያ በኩል ነፋስ ተነሣና ድንኳኑን ያናውጠው ጀመር። በምሥራቅ በኩል ያለው ካስማ ላላ፤ ሸራውም መርገብገብ ያዘ። ተቀምጠን የነበርነው ሁሉ ንግግራችንን አቋርጠን፣ ማንም ማንንም ሳያዝ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ በር ዞረን ተመለከትን፤ ጥቂትም ጠበቅን። ከሴቶቹ መካከል ታናሽ ልጃቸው ተነሥታ ወጣች። ወዲያው በውጭ በኩል ካስማው በድንጋይ ሲመታ ተሰማን።