ጥፋቱ የሊጡ አልነበረም

ዛሬ ጠዋት መብራት ሳይሄድ እኛው ራሳችን አጠፋነው። መጀመሪያ የቆጣሪውን ብሬከር፣ ቀጥሎ የፓነሉን። መስመሩም ፀሐይዋም ሳያግዙት ባትሪው ብቻውን ይፈተን ብዬ ነው። እማዬ ጓዳ በር ላይ ቆማ "ደህናውን መብራት ምን በድሎህ ታጠፋዋለህ?" ትለኛለች። የሮቢት ሰው ይፈርድላታል፤ እኛ ዘንድ ያለ መብራት አይነካም።

ፍሪጁና ቬንቲሌተሩ ለባትሪው ምንም አልመሰሉትም። ፍተሻው ያለው ምጣዱ ላይ ነው። ኢንቨርተሩ 5000 ዋት ነው፤ ባትሪው ባለ 51.2 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት ሊትየም፣ ሙሉ ሲሆን 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይይዛል። ምጣዱን ስሰካው 3600 ዋት አነበበ። በ220 በኩል 16 አምፔር ብቻ ነው፤ ከባትሪው በሚወጣው ገመድ ላይ ግን ወደ 80 ይጠጋል። ገመዱን ዳሰስኩት፣ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም። ወፍራሙን ግዛ ያለኝን ልጅ እግዜር ይስጠው። ባትሪውንም በረንዳ ላይ ከቆርቆሮ ስር እንዳላደርገው የመከረኝ እሱ ነው። ቆላ ነን፤ ሰውን የሚያዝለው ሙቀት ባትሪንም ያስረጃል።

ሩብ ሰዓት ያህል ጋለና እማዬ አሰሰችው፣ ሊጡን አዞረች፣ ከደነች። አክንባሎውን ስታነሳ ዝም አለች። ከዳር እስከ ዳር ዓይን በዓይን ነው። "ይሄ የኔው ሊጥ ነው?" አለችኝ።

አሁን የባትሪውን ነገር ልተወው፤ አንጀቴ እርር ብሏል።

ይቺ ሴት ስንት ዓመት ሙሉ እንጀራዋ ዓይኑ ድፍን እያለባት ራሷን ስትወቅስ ኖረች። እርሾው ነው ተባለች፣ ለወጠች። አብሲቱ በዝቷል ተባለች፣ ቀነሰች። ማሽላው ነው ሲሏት ጤፍ ጨመረች፣ በዚህ ኑሮ። አንድ ጠጋኝ መጥቶ ምጣድሽ አርጅቷል ብሎ አዲስ ሸጠላት፤ ቴስተር እንኳ ከቦርሳው አላወጣም። አዲሱም ያው ሆነ። በመጨረሻ "እጄ ተለወጠ" ብላ ተቀበለችው። ሰርግ ቤት ሴቶቹ ምጣድ ሲከቡ እሷ ሽንኩርት ልትልጥ ዳር ትቀመጥ ጀመር። የቀወት ሽንኩርት ያስለቅሳል ስትል አብረናት እንስቅ ነበር። አሁን ሳስበው ግን…

ባለፈው ሳምንት ማታ፣ ሁሉም ቤት ምጣድና ምድጃ በሚለኩስበት ሰዓት፣ ሶኬቱን ለካሁት። 158 ቮልት። ምጣድ ደግሞ ቮልት ሲወርድበት ኃይሉ በዚያው ልክ ብቻ አይቀንስም፤ እጥፍ አድርጎ ይጎዳዋል። በ220 ላይ 3600 ዋት የሚሰጥ ምጣድ በ158 ላይ 1900 እንኳ አይሞላም። በግማሽ እሳት ስትጋግር ኖራለች ማለት ነው! ለካ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ስትጋግር የሚያምርላት ሰፈሩ ስለሚተኛ ነበር። እኛ ደግሞ እንቅልፍ እንቢ ብሏት ይመስለን ነበር።

ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል ብላለች፤ እኔም ደስታዬ ልክ አልነበረውም። 5150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም። ግን ኃይሉ ጉባ ላይ ቢትረፈረፍ፣ የሰፈራችን ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ከተሸከመና ሽቦው ቀጭን ከሆነ እማዬ ምጣድ ላይ ሲደርስ ደክሞ ነው የሚደርሰው። ወገን፣ ቮልታችሁን አስለኩ! እናቶቻችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት አስለኩ።

ወደ ፍተሻው። አሥር እንጀራ ወጣ፣ ከ100 ወደ 46 ፐርሰንት ወረደ። አሥራ አንደኛው ላይ እህቴ ሳትነግረን የውሃ ማፍያውን ሰካችው። 1800 ሲጨመርበት 5400፤ ኢንቨርተሩ ጥቂት ጮኾ ጸጥ አለ። እንጀራው ምጣዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከምጣድ ጋር ማፍያም ካውያም እንደማይሄድ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

እማዬ ግን ወረቀቱን አላየችውም። አሥሩን እንጀራ ሰፌድ ላይ ደርድራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ "እትዬ ጋ ላሳያት" ብላ ወጥታለች። ይኸው አልተመለሰችም።